ሦስቱን ጡንቻ የለየሁት ቅርጫ ላይ ነው

እህቴ፣ «ሦስቱን የጡንቻ ዓይነቶች በቃሌ እይዛቸዋለሁ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ግን ይምታቱብኛል። ደግሞስ ልብ ለምን አይደክመውም?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ነርሲንግ ስማር በዚሁ ርዕስ ወድቄያለሁ። ሸምድጄ ገባሁ፤ ስላይዱን ሳየው ሁሉም ሮዝ ሆነብኝ። የገባኝ በዚያው ዓመት ለፋሲካ ቅርጫ ገብተን አጎቴ ብልት ሲያወጣ ነው። የእኔ ሥራ ሳፋ መያዝ ነበር።

ከታፋው አንድ ሙዳ ቆርጦ ሰጠኝ። እጄ ላይ ይርገበገባል! በሬው ከታረደ ቆይቷል፣ የሥጋው ሴሎች ግን ጉልበታቸውን፣ ማለትም ኤቲፒ የሚባለውን፣ ገና አልጨረሱም። በጡንቻ ሴል ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች አሉ። ማዮሲን አክቲንን ጨብጦ ይጎትታል፣ ጡንቻው ያጥራል። ልብ በይ፣ ኤቲፒ የሚያስፈልገው ለመጎተት ብቻ አይደለም፤ ለመልቀቅም ነው። ሲያልቅ ማዮሲኑ እንደጨበጠ ይቀራል። ሬሳ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

አጎቴ ከሥጋው ላይ ነጩን ስስ ሽፋን ይገፋል። ያ ሽፋን ጡንቻውን ከውጭ ይጠቀልለዋል፤ ወደ ውስጥም እየገባ ክሮቹን በእሽግ በእሽግ ይከፍላቸዋል። ጫፍ ላይ ጅማት ሆኖ አጥንት ይይዛል። የአጥንት ጡንቻ ማለት ይሄ ነው፤ በሰው ላይ ከ600 በላይ አለ። በፈቃድሽ ታዢዋለሽ። ሴሉ ረጅም ነው፣ ብዙ ኒውክለስ (የሴሉ አዛዥ ክፍል) አለው፣ ኒውክለሶቹም ጠርዝ ጠርዙን ይዘዋል። አክቲንና ማዮሲኑ በሰልፍ ስለቆሙ ሴሉ ላይ አግድም መስመር መስመር ይታያል።

ከዚያ ዱለቱ መጣ። ቀይ ሥጋው የአጥንት ጡንቻ፣ የጨጓራው ግድግዳ ልሙጥ ጡንቻ። (ጉበቱ ጡንቻ አይደለም፣ እንዳትሸወጂ።) ልሙጡ ውስጥም አክቲንና ማዮሲን አሉ፤ ግን በሰልፍ ስላልቆሙ መስመር የለውም። ሴሉ መሃሉ ወፈር፣ ሁለት ጫፉ ሾል ያለ ነው፤ ኒውክለሱም አንድ፣ መሃል ላይ። አንቺን ሳያስፈቅድ ይሠራል። ቀስ ይላል፣ ግን በትንሽ ጉልበት ለረጅም ሰዓት ጨብጦ ይቆያል። አንጀት፣ ፊኛ፣ ማሕፀን፣ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ አለ። ሲበርድሽ ፀጉርሽን የሚያቆመውም እሱ ነው።

ልብ ከሁለቱም ወስዷል። እንደ ቀይ ሥጋው መስመር አለው፣ እንደ ጨጓራው ደግሞ ትእዛዝሽን አይጠብቅም። ሴሎቹ አጫጭርና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፈሉ ናቸው፤ ኒውክለሳቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ታያለሽ። የኤሌክትሪክ መልእክቱ ከሴል ወደ ሴል በዚያ ያልፋል፣ ሁሉም በአንድነት ይመታል። ስላይድ ላይ መጀመሪያ እሱን ፈልጊ፤ ካገኘሽው ሌላውን ተይው።

ለምን አይደክመውም? ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ሴሎቹ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉ የኤቲፒ ማምረቻ ክፍሎች የተሞሉ ናቸው፤ ደም እስካላጣ ድረስ በኦክስጅን ኤቲፒ ይሠራሉ። ሌላው ምክንያት እረፍት ነው። አንዴ ከመታ በኋላ እስኪላላ ድረስ አዲስ ትእዛዝ አይቀበልም። ስለዚህ እንደ ባታችን ጭምድድ ብሎ አይቀርም፤ በየምቱ መሃል ያርፋል። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛ ይልቅ እሱ ማረፍ ያውቃል።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። የምግብ ቧንቧችን ላይኛው ክፍል የአጥንት ጡንቻ ዓይነት ነው፣ ታችኛው ልሙጥ፣ መሃሉ ድብልቅ። ድጋሚ ፈተና ላይ የደረሰኝ የመሃሉ ነበር። ግማሹ መስመር አለው፣ ግማሹ የለውም። ስላይዱ የተበላሸ መስሎኝ አስተማሪውን ልጠራ እጄን አውጥቼ ነበር።