መልስ፦ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጥ የሚሸተኝ ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ማኑዋል ኮሮላህ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ሲይዝ፣ ነዳጅ ስትሰጥ የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍሪሲዮኑን (ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘውንና የሚያለያየውን) ነው። ሜዳ ላይ በ4ኛ ማርሽ፣ በ40 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ነዳጁን እስከ ታች ርገጠው። ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ የፍሪሲዮኑ ሸራ (ተፋትጎ ኃይል የሚያስተላልፈው ዲስክ) እየተንሸራተተ ነው። ፍሪሲዮን ላይ እግር አሳርፎ መንዳት (ከሲኖትራክ ኋላ ስንንፏቀቅ ሁላችንም የምናደርጋት) ቶሎ ትጨርሰዋለች።

ከማስፈታትህ በፊት ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ላላ ማለቱን እይ፤ ካላለ ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ሸራው ካለቀ ግን ከነመጫኛውና ከነኩሽኔታው ቀይረው፤ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ሁለቴ ማስወረድ ኪስ ያራቁታል።

ሽታው የዘይት ከሆነና ከኮፈኑ ስር ጭስ ካየህ ጭስ ማውጫው ላይ ዘይት ሳይንጠባጠብ አይቀርም። እሱን ይዘህ አትንዳ፣ እሳት ያስነሳል።