ከጎንደር ስልክ ሲደወል ልጁ ምን ይሰማል

ዘመድ አዝማዱ ጎንደር ያለ ቤተሰብ ውስጥ ልጅ ሲጨነቅ ብዙ ጊዜ መነሻው ስልኩ ነው። ከአዘዞ ወይ ከማራኪ ይደወላል፣ እናት ማዕድ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ከዚያ «ወይኔ!» ትላለች። ውጭ አገር ያደገ ልጅ አማርኛው ግማሽ ስለሆነ «ተኩስ»፣ «ታሰረ»፣ «መንገድ ተዘጋ» የሚሉትን ነጥሎ ይይዝና የቀረውን በራሱ ይሞላዋል። የሚሞላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

ስለዚህ ስልኩ በተዘጋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ንገሩት፦ ምን ሆነ፣ የእኛ ሰዎች እንዴት ናቸው፣ አሁን እኛ ምን እናደርጋለን። «ከተማው ዳር ተኩስ ነበር። አያትህ እቤቷ ናት፣ አነጋግሬያታለሁ። ማታ እንደገና እንደውላለን።» ይበቃል። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከዚህ በላይ ዝርዝር አይጠቅመውም፣ ቪዲዮ ደግሞ ጭራሽ። በዚያ ዕድሜ አንድ ምስል አሥር ጊዜ ሲደጋገም ነገሩ አሥር ጊዜ የሆነ ይመስላቸዋል። እናንተም ዜናውን በማዳመጫ አድርጉት፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ግን ፈጽሞ አትክፈቱት።

ማንም ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። የአገራችን አያት ፍቅሯን የምትገልጸው በሞት ነው፦ «አፈር ስሆን ብላልኝ»፣ «ልሙትልህ»፣ «እኔን ይድፋኝ»። ለእኛ ማር ነው። ለሚሰጋ ልጅ ግን አያቱ በየሳምንቱ ልትሞት መሆኑን የምትነግረው ይመስለዋል። አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ፍቱለት። «ክፉ አይንካሽ» ብሎ መመለስን ብታስተምሩት ደግሞ ፍርሃቱ ወደ ጨዋታ ይዞራል፣ አያትየዋም ደስታዋ ነው።

ቀጥሎ መስመር ሲጠፋ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ብዙ ቤት የተፈጠረው ስህተት ልጁ ፊት አርባ ጊዜ መደወል ነው። ልጅ «አልተገናኘም» የሚለውን «የለችም» ብሎ ይተረጉመዋል። መስመር መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ በሰላሙ ቀን አስረዱት። በመደበኛ ጥሪ ጎንደርን የሚያገኝ አንድ ዘመድ አዲስ አበባ ላይ ይኑራችሁ፤ ወሬውን እሱ ያምጣ። የመደወያ ሰዓታችሁም ቋሚ ይሁን። ቅዳሜ በጎንደር ከቀኑ 10 ሰዓት ጥሩ ነው፦ ዋሽንግተን ላይ በበጋቸው ከጠዋቱ 3፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት ይሆናል፤ ፍራንክፈርት ላይ ከቀኑ 9 ወይም 8። ያልተገናኘ ቅዳሜ ካለ ልጁ የሚነግራትን ጽፎ ወይ ስሎ ለሚቀጥለው ያስቀምጥ።

«አያቴ ትሞታለች?» ሲል «ምንም አትሆንም» አትበሉ። የማታውቁትን ቃል ከሰጣችሁ በኋላ አንድ ነገር ቢደርስ ልጁ ሌላ ቃላችሁንም አያምንም። «ዛሬ ጠዋት ደህና ነበረች። ነገን አላውቅም፤ የሰማሁትን ግን አልደብቅህም» በሉት። በዚያው ቀን ደጋግሞ ሲጠይቅ መልሱን አትድገሙለት፤ «ምን ብዬህ ነበር?» በሉና እሱ ይመልስ። መቶ ጊዜ ማጽናናት ጭንቀትን ይቀልባል።

መርዶ ላይ ረዘም ማለት ይገባል። ልማዳችን መርዶን ከባለቤቱ ለቀናት መደበቅ፣ ከዚያ ሲነጋጋ ሰብሰብ ብሎ መጥቶ ማርዳት ነው። ለአዋቂ ጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ ላለ ልጅ ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ አንዳንዴ ልጁ ቀድሞ ይሰማና «ለእናትህ እንዳትነግራት» ይባላል። ይህን ሸክም ፈጽሞ አታሸክሙት፤ ሆድ ቁርጠቱም እንቅልፍ ማጣቱም ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ሁለተኛ፣ ከእንቅልፉ የሚነቃው በዋይታ ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ከመካከላቸው አንድ ልጁ የሚያውቀው ሰው ለልጆቹ ይመደብ፤ ሥራው እነሱ ብቻ ይሁኑ። ልጁን በጊዜ ቀስቅሶ «የእናትህ አጎት ጎንደር ሞተዋል። አሁን ሰዎች መጥተው ይነግሯታል፣ ጮክ ብላ ታለቅሳለች፣ ደረት ይመታል። እኛ ለቅሶ የምንለቅሰው እንዲህ ነው፤ እናትህ አልታመመችም» ይበለው። ከዚያ ልጁ መግባትም መውጣትም ይፈቀድለት። ሞትን «ሄዱ»፣ «አንቀላፉ» እያሉ አይሸፍኑት፤ ትንሽ ልጅ መተኛት ይፈራል።

አሁን ወደ እናንተ ተሳትፎ። ልጁ «እማ፣ ስብሰባ አትሂጂ» ብሎ ሲያለቅስ ብዙ ወላጅ እድሩንም ማኅበሩንም እየተወ ይቀራል። ችግሩ ጭንቀት ከሸሹት የሚፋፋ ነገር መሆኑ ነው። አልቅሶ ካስቀራችሁ ለጊዜው ይረጋጋል፤ ነገር ግን «በመቅረቷ ተረፈች» ብሎ ይማራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጮክ ብሎ ያለቅሳል። ከአጭር መለያየት ወደ ረጅሙ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መሰላል ሥሩለት። መጀመሪያ እናንተ ሌላ ክፍል ገብታችሁ በር ዘግታችሁ 10 ደቂቃ፤ ቀጥሎ ሕንጻውን ዞሮ መመለስ፤ ቀጥሎ ሱቅ ደርሶ 30 ደቂቃ፤ ከዚያ ልጁ ጎረቤት ቤት አንድ ሰዓት፤ በመጨረሻ የእድሩ ስብሰባ ሙሉ ሁለት ሰዓት። ልጁ ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጠው። አንዱን ደረጃ አራት አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ ቁጥሩ 2 ወይም 3 ሲደርስ ብቻ ወደሚቀጥለው። የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው፦ ደረጃ ሲዘለል፣ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ተሯሩጦ ሲመጣ፣ እና ተደብቆ ሲወጣ። የመጨረሻው የእኛ ሰው ልማድ ነው፤ «ሳያየኝ ልውጣ»። አያየኝም ያላችሁት ልጅ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእናንተ አይነቅልም። «አያ ጅቦ ይመጣብሃል»ም ይቅር። ስብሰባ ላይ ሳላችሁ አንድ መልእክት፣ በተስማማችሁበት ሰዓት፤ ከዚያ ውጭ ስልኩ ዝም ይበል።

ስለ አገር ቤት የሚወጣ ሰልፍ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም፤ የሬሳ ፎቶ ያለበት ሰሌዳ የማይቀር ነውና። ከፍ ላለው ጠርዝ ላይ ቁሙ፣ አንድ ሰዓት ይብቃችሁ፣ ክንዱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ፣ «እንሂድ» የሚልበት ምልክት ይኑረው። ከሰልፍ ይልቅ የሚያረጋጋው እጁ የገባበት ሥራ ነው፦ ከሚላከው ገንዘብ የተወሰነው ለስንት ደብተር እንደሚበቃ እሱ ያስላ፣ ምን እንደተገዛ በፎቶ ይምጣለት።

ቤት ውስጥ ስለ ሌላ ብሔር የሚነገረውንም አስቡበት። ክፍሉ ውስጥ የትግራይ ወይም የኦሮሞ ልጅ ጓደኛ አለው፤ እራት ላይ የሰማውን ይዞ ሰኞ ትምህርት ቤት መግባት ይፈራል። ሥልጣን ላይ ያለን ሰው መውቀስ ሌላ፣ ሕዝብን መስደብ ሌላ።

ለማታ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ዓይናቸው ጎላ ያሉትን መላእክት፣ በፎቶ አትማችሁ አልጋው አጠገብ ስቀሉ። ለአንድ ፊት አንድ ትንፋሽ፦ በአፍንጫ እስከ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ በአፍ እስከ 6 ቆጥሮ ማስወጣት፤ አንድ መስመር ሲያልቅ ቀጣዩ፣ አምስት ደቂቃ ያህል። በደህና ቀን ይለማመደው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በድንጋጤ መሐል ከተሞከረ አይሠራም። «ጎንደር ትጠፋለች?» ካለም ይሄው ጣሪያ መልስ አለው። ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ ተርፏል፤ ንብ ወጥታ መለሰቻቸው ይባላል። ልጆች የንቧን ነገር ደጋግመው ያስነግራሉ።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት «ሆዴን» የሚል ልጅ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ሕመም ካልተገኘ ትምህርት ቤት ይሂድ፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን። እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ከትምህርት መቅረቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልገዋል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ሆኖ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል። ጠበሉ ከዚህ ጋር አይጣላም፤ ልጁን «ቡዳ በልቶሃል» ማለት ግን ፍርሃት መጨመር ነው። መሞት እፈልጋለሁ ካለ በዚያው ቀን እርዳታ ፈልጉ፤ አሜሪካ ውስጥ 988 የተባለው የእርዳታ ስልክ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ቀጠሮ ላይ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። እዚያው አሜሪካ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። የመጣው አስተርጓሚ የእድራችሁ ሰው ከሆነባችሁ ሌላ ይቀየርልን ብትሉ ነውር የለውም፤ በስልክ ከሌላ ከተማ የሚያስተረጉም ሊቀርብላችሁ ይችላል።