ስራ ልልቀቅ ወይ ላልሽው እህቴ፣ ትንሽ ረዘም ያለ መልስ

እህቴ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሶስት ነጠላ ዜማ ለቀሻል፣ ቀን ቀን ደሞዝ ያለው ስራ አለሽ፣ አሁን ግን እሱን ትተሽ ጠቅልለሽ ወደ ሙዚቃው ልትገቢ አስበሻል፣ በዛ ላይ አንድ የሙዚቃ ድርጅት ኮንትራት አቅርቦልሻል፣ ሌላ ሰውዬ ደግሞ ከከፈልሽኝ ዘፈንሽን ትልልቅ ፕሌይሊስት (ኦንላይን የሚደመጥ የዘፈን ዝርዝር) ውስጥ አስገባልሻለሁ ብሎሻል። እኔ በመዝፈንም በማቀናበርም ብዙ አመት በሙዚቃ ብቻ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ባጭሩ ስራሽን ለጊዜው አትልቀቂ፣ ለፕሌይሊስቱ ሰውዬ ምንም አትክፈይ፣ ኮንትራቱን ደግሞ የዘፈኖችሽ ወረቀት መልክ ሳይዝ እንዳትፈርሚ። ዋናው ይሄ የመጨረሻው ስለሆነ እሱ ላይ ነው የምቆየው።

የሰውዬውን ነገር ቶሎ ልጨርስልሽ። ይሄን ያህል ስትሪም (ዘፈኑ ኦንላይን የተሰማበት ቁጥር) አመጣልሻለሁ ብሎ ቁጥር ቆርጦ የሚሸጥልሽ ሰው ባብዛኛው የሚሸጥልሽ ቦት ነው፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ራሱ ዘፈን የሚያጫውት ፕሮግራም። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በግልፅ የውሸት ስትሪም የታየበትን ዘፈን ዲስትሪቢውተሩን (ዘፈንሽን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ የሚያደርስልሽን ድርጅት) ያስከፍልበታል፣ ዲስትሪቢውተሩ ደግሞ ወጪውን ወዳንቺ ሊያዞረው፣ ባስ ሲል ዘፈኑን ሊያወርደው ይችላል። ደግሞ ቦቶቹ ሌላ የሚሰሙት ነገር ካንቺ ስታይል ጋር ስለማይገናኝ አልጎሪዝሙ (ለአድማጭ ዘፈን የሚመርጠው ሲስተም) ዘፈንሽን ለማን ማቅረብ እንዳለበት ይጠፋዋል። የስፖቲፋይ የራሱ ፕሌይሊስቶች እንደሆነ በገንዘብ አይገባባቸውም፣ ዘፈኑ ከመለቀቁ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት በአርቲስት አካውንትሽ በነፃ ማመልከት ትችያለሽ፣ እኔ እንደውም አንድ ወር ቀደም ብሎ መጫን ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት ነው ያለው። አንደኛው ግጥሙና ዜማው፣ ሁለተኛው ስቱዲዮ የተቀዳው ድምፅ ማለትም ማስተሩ። ባለቤታቸው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል የተለያየ ሰውም ሊሆን ይችላል። ነገ ሌላ ዘፋኝ ዜማሽን ድጋሚ ቢቀዳው አዲሱ ማስተር የሱ ነው፣ ግጥሙና ዜማው ግን ያንቺ እንደሆነ ይቀጥላል። ይሄን የማይለይ ሙዚቀኛ ገንዘቡን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚጥለው፣ ምክንያቱም እንደ ዲስትሮኪድና ቲዩንኮር ያሉት ዲስትሪቢውተሮች በመሰረታዊ አገልግሎታቸው የሚሰበስቡልሽ የማስተሩን ነው፣ ዘፈንሽ በሬዲዮ በቴሌቪዥን በአደባባይ ሲሰማ ለግጥምና ዜማ ደራሲው የሚገባው ሮያሊቲ (ስራው ጥቅም ላይ ሲውል የሚከፈለው) ደግሞ የሚመጣው በደራሲያን መብት ሰብሳቢ ማህበር በኩል ነው፣ አባል ሆነሽ ስራዎችሽን በስምሽ ካላስመዘገብሽ ማንም ፈልጎ አያመጣልሽም።

የማውቃት አንዲት ዘፋኝ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ግጥሙን እሷ ፃፈች፣ ቢቱን (የሚዘፈንበትን ሙዚቃ) ፕሮዲውሰሩ ሰራው፣ ቀረፃ ላይ እያሉ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ የአዝማቹን ዜማ እንዲህ ብናደርገውስ አለና ቀየረው፣ እውነትም አማረ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየ። ማንም ምንም አልፃፈም። ቆይቶ ፊልም የሚሰሩ ሰዎች ዘፈኑን ወደዱትና እንጠቀምበት አሏት፣ ግን መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ ባለቤቱ ማነው፣ ሁሉም ሊፈርሙልን ይችላሉ ወይ የሚል ነው። ፕሮዲውሰሩ ግማሹ የኔ ነው አለ፣ ቤዚስቱ ስልኩን ቀይሮ ሊገኝ አልቻለም፣ የፊልሙ ሰዎች ደግሞ ቀን አለባቸው፣ በቃ ሌላ ዘፈን ወሰዱ። ዘፈኑ እኮ ምንም አልጎደለውም ነበር!

ስለዚህ እኛ ጋ ቀረፃ ሲያልቅ ከስቱዲዮ ሳንወጣ አንድ ገፅ ወረቀት እንሞላለን። ከላይ የዘፈኑ ስም እና ቀን፣ ቀጥሎ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በፐርሰንት ተፅፎ ድምሩ 100 መምጣት አለበት፣ ከዛ በሌላ መስመር ለብቻው ማስተሩ የማን እንደሆነ፣ ከስር መታወቂያ ላይ ያለው ሙሉ ስም (የመድረክ ስም አይደለም)፣ ስልክ፣ ፊርማ። ፎቶ ተነስቶ ለሁሉም በቴሌግራም ይላካል። ጓደኛሞች ሆነን ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ሰው ሁሌ አለ፣ ግን ገና ገንዘብ ሳይመጣ የአምስት ደቂቃ ጨዋታ የሆነው ነገር ገንዘብ ከመጣ በኋላ ጓደኝነቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ላንቺ ሶስት ዘፈኖችም አሁኑኑ ሰዎቹን ፈልገሽ አስፈርሚ፣ አልረፈደም። ቢቱን ኦንላይን ገዝተሽው ከሆነ ደግሞ ሊዝ (ኪራይ መሰል ፈቃድ) ነው ወይስ ኤክስክሉሲቭ (ላንቺ ብቻ) የሚለውን ደረሰኙ ላይ እዪ፣ ሊዝ ከሆነ ቢቱ ለሌላም ሰው ይሸጣል፣ ብዙ ጊዜ የስትሪም ገደብ አለው፣ ዩቲዩብ ኮንተንት አይዲ (ዘፈንሽ በሌሎች ቪዲዮ ውስጥ ሲገባ የሚለየው ሲስተም) ላይ ማስመዝገብም ባብዛኛው ይከለከላል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር፣ እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ አለው፣ የዘፈኖችሽን ኮድ አንድ ቦታ ፅፈሽ አስቀምጪ። ዲስትሪቢውተር ስትቀይሪ ለአዲሱ ያንኑ ኮድ አንቺ ካልሰጠሽው የቆየው የስትሪም ቁጥርሽ አብሮሽ ላይመጣ ይችላል። ስምሽንም በላቲን ፊደል ስትፅፊ አንድ ስፔሊንግ ምረጪና ሁሉም ቦታ እሱን ብቻ ተጠቀሚ፣ አለዚያ ሁለት አርቲስት ሆነሽ ፕሮፋይልሽ ይከፈላል፣ እሱን ማስተካከል ደግሞ በጣም አድካሚ ነው።

ኮንትራቱን በተመለከተ፣ ቅድሚያ እንሰጥሻለን ያሉሽ ገንዘብ ባብዛኛው ስጦታ አይደለም፣ ካንቺ ድርሻ እየተቆረጠ ይመለሳል፣ እስኪመለስ ድረስ ከዘፈኖቹ እጅሽ ላይ የሚገባ ነገር አይኖርም። መጀመሪያ የምታዪው ማስተሩን ለዘለአለም ነው የሚወስዱት ወይስ ለተወሰነ አመት ነው ፈቃድ የምትሰጪያቸው የሚለውን ነው፣ እኔ በበኩሌ አመቱ ተቆጥሮ ሲያልቅ ወዳንቺ የሚመለስ ካልሆነ እንድትፈርሚ አልመክርሽም። ከዛ አሁን ያሉሽን ሶስቱን ዘፈኖች ይጨምራል ወይ? ወደፊት የምትሰሪያቸውንስ? ከመድረክ ገቢሽም ይቆርጣሉ? ሂሳብ በየስንት ጊዜው ያሳዩሻል፣ ሂሳባቸውን በባለሙያ የማስመርመር መብትስ አለሽ? ኮፒራይት የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው፣ ለሱ የምታወጪው ገንዘብ ከአንድ የቪዲዮ ክሊፕ ወጪ በጣም ያንሳል።

ገቢው ከየት ይመጣል ላልሽው፣ ከስትሪም ብቻ ለመኖር ማሰቡን ተዪው። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት 1,000 ስትሪም ካልሞላ ምንም አይከፈልበትም፣ ከሞላም በኋላ ክፍያው ትንሽ ነው። እኔን ያኖረኝ መድረክ፣ ለሌላ ሰው ማቀናበር፣ ባክ ቮካል፣ የማስታወቂያ ሙዚቃ እና ማስተማር ተደምሮ ነው። ማስተማርን እንደ ሽንፈት የሚያዩ አሉ፣ እኔ ግን ጆሮዬ የተሳለው ጀማሪ ልጅ የሳታትን ኖታ ለምን እንደሳታት ማስረዳት ሲኖርብኝ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ ያለ ቀብድ ቀን አትያዢ፣ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለሳውንድ ሰውዬው ማን እንደሚከፍል፣ ፕሮግራሙ ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን በፅሁፍ ይሁን፣ የቴክስት ሜሴጅም ቢሆን ይበቃል። እግረ መንገዴን፣ ለልምምድም ለመድረክም የሙዚቀኛ የጆሮ መከላከያ ግዢ፣ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ላይ በቀን 8 ሰዓት ነው እንደ ገደብ የሚያዘው፣ ባንድ ልምምድ ያን በቀላሉ ያልፋል፣ የሄደ ጆሮ ደግሞ አይመለስም።

ሌላው ፎሎወር የምትያቸው ሰዎች ያንቺ አይደሉም፣ የሶሻል ሚዲያው ባለቤት አልጎሪዝሙን የቀየረ ቀን ፖስትሽን ላያዩት ይችላሉ። ዝግጅት ባለሽ ቁጥር የሚወዱሽን ሰዎች ኢሜይል ወይም ስልክ በፈቃዳቸው ሰብስቢ። በዚህ መንገድ የተገኘ ጥቂት ሰው ነው ቲኬት የሚቆርጠው፣ ባንድካምፕ (አርቲስት ሙዚቃውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጥበት ድረገፅ) ላይ አልበም የሚገዛውም እሱ ነው (ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 ፐርሰንት ነው፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ሌላ ሆኖ)።

ስራውን መቼ ልልቀቅ ላልሽው፣ ለሙዚቃው የተለየ የባንክ አካውንት ክፈቺና የሚገባውንም የሚወጣውንም በሱ ብቻ አድርጊ፣ ታክሱንም ከመጀመሪያው ለይተሽ አስቀምጪ። የገቢው መጠን ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ፣ አንዳንድ ወር ሶስት ስራ ይመጣል አንዳንዱ ወር ስልክ አይጠራም፣ ስለዚህ ጥሩውን ወር ሳይሆን ደረቁን ወር ነው የምታዪው። ደረቁ ወር ላይም ቤት ኪራይሽንና አስቤዛሽን ከዛ አካውንት መክፈል ከቻልሽ ያኔ ልቀቂ፣ ከተቻለ መጀመሪያ ወደ ግማሽ ቀን አውርደሽው። ደሞዝሽ እኮ አሁን ትልቁ ጉልበትሽ ነው፣ ለድርጅቱም ለሰውዬውም እንቢ ማለት የቻልሽው እሱ ስላለ ነው።

ድርጅቱን ጠበቃ እስኪያየው ጊዜ እፈልጋለሁ በያቸው፣ ዛሬውኑ ፈርሚ ካሉሽ እሱ ራሱ መልስ ነው። ማስተር የሚለውን አንቀፅ ስምና የገንዘብ መጠን አጥፍተሽ እዚህ ከለጠፍሽው ደግሞ ማታ ማታ ስለምገባ አብረን እናየዋለን።