«መዋጮ ካልከፈልሽ የልጅሽ ልደት አይመዘገብም» ለተባሉ እናት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ጅዳ ከሄደ አራት ዓመት ሆነው። ጤፍና ምስር እየቸረቸርኩ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ትልቁን ልጄን አንደኛ ክፍል ላስገባ ስል ትምህርት ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቀኝ። ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው ደብተር ገልጦ ስሜ አጠገብ በቀይ የተጻፈ አሳየኝና «2,000 ብር የልማት መዋጮ አለብሽ። እሱን ሳትከፍይ ልደትም አይመዘገብ፣ መታወቂያሽም አይታደስ» አለኝ። የዓምናውን ከፍያለሁ፣ ግን ደረሰኝ አልሰጡኝም፤ ደብተሩም ላይ የለም። ለአማቴ ብነግራቸው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ተበድረሽም ቢሆን ክፈይ» አሉኝ። መንግሥት እንዲህ የማድረግ ሥልጣን አለው? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። የልጅዎ ልደት መመዝገብና መዋጮው አይገናኙም። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ አንዱን የሌላው መያዣ ለማድረግ ለቀበሌው ጸሐፊ ሥልጣን የሰጠው ሕግ የለም።

መንግሥት ገንዘብ መጠየቅ አይችልም ማለቴ ግን አይደለም፤ ይችላል። የገበሬው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር፣ የእርስዎም የንግድ ግብር ካለ፣ የሕግ መሠረት ያላቸው ናቸው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 ለክልሎች የሰጣቸው የግብር ሥልጣን አለ፤ ስንት እንደሚከፈልና ያልከፈለ ምን እንደሚሆን የሚወሰነው በሕግ ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ካለብዎ ይክፈሉ፤ ከዚያ የሚያድንዎ ጠበቃ የለም። መዋጮ ግን ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ስንቱ ትምህርት ቤት፣ ስንቱ የገጠር መንገድ ሰው በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ካለው ላይ ቀንሶ የሠራው ነው። እኔም የተማርኩት እንዲህ ባለ ቤት ስለሆነ መዋጮን አላቃልልም። ነገር ግን በስብሰባ ላይ እጅ ስለወጣ ብቻ መዋጮ ግብር አይሆንም፤ ያላዋጣ ሰው ከመንግሥት አገልግሎት እንዲከለከልም አያደርግም።

ከእርስዎ ቀዬ እምብዛም በማይርቀው ውጫሌ በ1881 ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተፈራረሙትን ውል ያስታውሱ። የዚያ ውል አንቀጽ 17 ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መነጋገርን በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ ዓድዋ ድረስ አደረሰ። በመዋጮና በግብር መካከል ያለውም ልዩነት ይኸው ነው፤ አንዱ «ይቻላል» ነው፣ ሌላው «ግዴታ»። ጸሐፊው በቀይ እስክርቢቶ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ አይችልም።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት) ምዝገባን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ምዝገባውም በአገር ደረጃ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አዋጁ ልደትን በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብን የወላጅ ግዴታ አድርጎታል፤ መዝጋቢውን የክብር መዝገብ ሹም ይለዋል። ልብ ይበሉ፤ ሕጉ «አስመዝግቢ» ብሎ ያዘዘው እርስዎን ነው። አንድ ሕግ ግዴታ ብሎ ያዘዘዎትን ነገር እንዳይፈጽሙ የዚያው መንግሥት ሠራተኛ በር ሊዘጋብዎ አይገባም። አዋጁ ውስጥም መዋጮ መክፈል ቅድመ ሁኔታ ሆኖ አልተቀመጠም። የልጅዎ 90 ቀን አልፏል፤ ይህ ማስረጃ ያስጠይቅዎት ይሆናል እንጂ መብቱን አያጠፋም። ከጤና ጣቢያ የተሰጠዎት የልደት ማሳወቂያ ወይም የክትባት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀትም ካለዎት፣ ይዘው ይሂዱ። አባትየው ጅዳ ስላለ እናት ማስመዝገብ አትችልም የሚልዎ ካለ አይቀበሉት። ደግሞም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ስምና ዜግነት የማግኘትን መብት የሰጠው ለሕፃኑ ለራሱ ነው። ዕዳው የእርስዎ ነው ቢባል እንኳ ልጁ ምን አጠፋ?

የአማትዎ ተረት በዘመኑ እውነት ነበር፤ አልፈርድባቸውም። መንግሥት በሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል መግባት እንደሚችል የወሎ ሰው በገዛ ሥጋው ያውቀዋል። በ1966 ረሃቡ ሰው ሲፈጅ የንጉሡ መንግሥት ደበቀው። በ1977 ድርቅ ደግሞ ደርግ ሰፈራ ብሎ ስንቱን ሳይወድ ከቀዬው አንስቶ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ፓዌ አወረደው። አንዱ መንግሥት መድረስ ሲገባው ቀረ፣ ሌላው መጠየቅ ሲገባው ጭኖ ወሰደ፤ ሁለቱንም «በየትኛው ሕግ?» ብሎ የሚያቆማቸው አልነበረም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን አንቀጽ 12 ላይ ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል፤ አንቀጽ 9 ላይም ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረን የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። ከዚያም በፊት፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126፣ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ተጽፎ ነበር። በሥልጣን አላግባብ መገልገልማ በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ወንጀል ነው። ሕጉ ስለተጻፈ ብቻ ሹም ሁሉ ይገዛለታል አልልዎትም፤ ይህ እንዳልሆነ በየቀኑ አያለሁ። ግን ጥያቄዎ የሚቆምበት መሬት አለው።

አሁን ምን ያድርጉ? ክስ አይጀምሩ። መጀመሪያ ወረቀት ይጻፉ። በቃል የተከለከለ ሰው ነገ «ማን ከለከለሽ?» ይባላል። እንዲህ ይበሉ፦

«ለ… ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የልጄን ልደት ማስመዝገብን ይመለከታል። እኔ አመልካች በቀን … ቀርቤ የልጄ ልደት እንዲመዘገብልኝ ስጠይቅ የልማት መዋጮ ካልከፈልኩ እንደማይመዘገብ በቃል ተነግሮኛል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደቱ እንዲመዘገብልኝ፣ የማይመዘገብ ከሆነም የተከለከልኩበት ሕግ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ሁለት ቅጂ ያድርጉት። አንዱን ይስጡ፣ ሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ፣ ከተቻለም ማኅተም ያስደርጉና ቤትዎ ያስቀምጡ። ለመታወቂያውም እንዲሁ ለብቻው ይጻፉ፤ ሁለቱን አያቀላቅሉ። ብቻዎን አይሂዱ፤ የእድራችሁን ዳኛ ወይም የሚከበሩ አንድ አባት ይዘው ይሂዱ። «በየትኛው ሕግ?» ማለት አመፅ አይደለም፤ በለዘበ ድምፅም ይባላል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ላይ ያልቃል፤ «አይሆንም» ብሎ በፊርማው የሚያጸና ሠራተኛ ብዙ አላጋጠመኝም።

እምቢ ካሉ ቅጂውን ይዘው ወደ ወረዳው አስተዳደርና ወደ ወረዳው የወሳኝ ኩነት ክፍል ይሂዱ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የተቋቋመው በአስተዳደር በደል የደረሰበትን ሰው አቤቱታ እንዲመረምር ነው፤ ገንዘብ አያስከፍልም፣ በቃልም ያመለክታሉ። ፍርድ ቤቱ ከዚህ በኋላ ይደርሳል፤ ያኔ ወረቀቶችዎን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።

የዓምናው ገንዘብ ያሳስበኛል። ዓምና የከፈሉት ደብተር ላይ ከሌለ የት ገባ? ባለፈው ጊዜ አንድ አባት ቢሮዬ መጥተው ከጋቢያቸው ስር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የሠላሳ ዓመት የመሬት ግብር ደረሰኝ ነበር፤ አንዳንዱ እጥፋቱ ላይ ተበጥሶ በክር የተሰፋ። ጎረቤት «መሬቱ የኔ ነው» ሲላቸው ያቆማቸው ያ ወረቀት ነው። እርስዎም ከዛሬ ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጡት ማንኛውም ብር ሞዴል 64 የምንለው ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥበት። ወደው መዋጮውን ለመክፈል ቢወስኑ እንኳ ያለ ደረሰኝ እንዳይሰጡ። ዓምና ሲከፍሉ አጠገብዎ የነበረ ሰው ካለ ስሙንና ቀኑን አሁኑኑ ይጻፉት።

ልጁ ግን ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ቤት እንዳይውል። የማመልከቻዎን ቅጂና የክትባት ካርዱን ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ያሳዩና የልደት ወረቀቱን በኋላ እስኪያመጡ በጊዜያዊነት እንዲመዘግቡት ይጠይቁ። ይህንን ነገ ጠዋት ቢያደርጉት ይሻላል፤ ቀበሌ ከዚያ ይደረሳል።