«በጭንቀት እንጠብቅሻለን»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። አዳማ ውስጥ አንድ አነስተኛ ገስት ሀውስ ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። ባለፈው ወር አንዲት የውጭ አገር እንግዳ በረራዋ እንደዘገየ ኢሜይል ላከችልን። እኔም ደስ እንዲላት ብዬ «በጉጉት እንጠብቅሻለን» ልላት ፈለግሁ። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት «አንክሸስ» የሚለውን ቃል «የጓጓ» ብሎ ተረጎመልኝ። ስለዚህ «ዊ አር አንክሸስ አባውት ዩር አራይቫል» ብዬ ጻፍኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ምን ችግር ተፈጠረ? ልቅር እንዴ?» የሚል መልስ መጣ። አለቃዬ ከዚያ ቀን ወዲህ «ጭንቀቱ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

ጭንቀቱ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጭንቀቱ (ይቅርታ፣ ስሙን ወድጄልሃለሁ)፣ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸህም። ቃሉም ጥፋት የለበትም። ጉድ የሠራህ «አባውት» ነው።

«አንክሸስ» ሁለት ፊት አለው። አንዱ ስጋት ነው፣ ሌላው ጉጉት። የትኛው ፊት እንደሚታይ የሚወስነው ከኋላው የሚከተለው ትንሽ ቃል ነው። «አባውት» ካስከተልክ ሰግተሃል ማለት ነው። «አይ አም አንክሸስ አባውት ዘ ኤግዛም» ያለ ተማሪ ፈተናው አስግቶታል። «ቱ» ብለህ ግስ ካመጣህ ግን ቸኩለሃል፣ ጓጉተሃል። «አይ አም አንክሸስ ቱ ስታርት» ያለ አዲስ ሠራተኛ «ምነው አሁኑኑ በጀመርኩ» እያለ ነው። «ፎር» ደግሞ እንደ አገባቡ ነው። «ሺ ኢዝ አንክሸስ ፎር ኸር ሰን» ሲባል እናትየው ልጇ አሳስቧታል። «ዊ አር አንክሸስ ፎር ኒውስ» ሲባል ደግሞ ወሬ እስኪመጣ ልባችን ተሰቅሏል ማለት ነው።

እንግዳህ ያነበበችው እንግዲህ «መምጣትሽ አስግቶናል» የሚል ነው። ገንዘቧን ከፍላ የምታድርበት ቤት እንዲህ ሲላት ብትደነግጥ ምን ይፈረድባታል?

በ«ቱ» ብታስተካክለውም ለእንግዳ አልመክርህም። የ«አንክሸስ» ጉጉት ከበስተጀርባው ትንሽ ሥጋት ያዘለ ጉጉት ነው። ቃሉ ለደስታ ጉጉት መዋሉን ጭራሽ የማይወዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም አሉ። ለሆቴል ሥራ የሚሆንህ «ዊ አር ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዌልካሚንግ ዩ» ነው። «ዌልካሚንግ» በል፣ «ዌልካም» አይደለም። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ይህቺን «ኢንግ» የሚረሳ ተማሪ አጥቼ አላውቅም።

አንድ ቃል እንዴት ሁለት ፊት ይኖረዋል ካልክ፣ ሥሩ የላቲን ነው። ማነቅ፣ ማጥበብ፣ መጨምደድ ማለት ነው። ጉሮሮህን የሚይዝህ ነገር ፍርሃትም ሊሆን ይችላል፣ ምኞትም። የሚገርመው ዛሬ መጨነቅ ማለት የሆነው «ወሪ» የሚለውም ቃል በድሮው እንግሊዝኛ ማነቅ ማለት ነበር። ዛሬም እንግሊዝ አገር ውሻ በጎችን ሲያሳድድና ሲነክስ «ወሪ» አደረጋቸው ይላሉ። እኛስ? «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» እንል የለ! ላቲን ያልተማሩት አያቴ ከሮማውያን ጋር እዚህ ላይ ተገናኝተዋል። ለዚህ ነው «አንክሸስ» ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ የማይሆንበት። ስሜቱን እናውቀዋለን፣ የቸገረን ዓረፍተ ነገሩ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ላይ እኔም ተሰናክያለሁ። በ1979 ዓ.ም. ወጣት መምህር ሳለሁ ለአጭር ሥልጠና ውጭ አገር ልላክ ነው ተብሎ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ሁለት ፈረንጆች ተቀምጠዋል። አንደኛው ዘና ላደርጋት ብሎ መሰለኝ፣ ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀኝ። በሆዴ «ጨነቀኝ» አልኩ። ወደ እንግሊዝኛ ልገለብጣት ስሞክር «ኝ» የምትቀመጥበት ቦታ ጠፋኝ። «ኢት አንክሸስ ሚ» አልኩ። ሰውየው ፊቱን ቋጠር አደረገ። ላርም ብዬ ጭራሽ «አይ አም አንግዛይቲ» አልኩት። እኔ ጭንቀት ነኝ ማለቴ ነው! ጭንቀት ራሷ በእግሯ መጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ውሃ ቀዱልኝ። ብርጭቆው ላይ ቀይ አበባ ነበረበት፣ ከዚያ ቀን የቀረኝ እሱ ነው። ሥልጠናው ለሌላ ሰው ሆነ።

አየህ፣ በአማርኛ ጭንቀት ከውጭ መጥቶ ነው የሚይዘን። ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደበረኝ፣ ራበኝ እንላለን። ሁልጊዜ ተያዡ እኛ ነን። እንግሊዝኛ ግን ሰውዬውን ፊት አስቀምጦ «አይ አም» ወይም «አይ ፊል» ያሰኘዋል። ስለዚህ «ጨነቀኝ» ስትል «ኝ»ን አትፈልጋት፣ «አይ ፊል አንክሸስ» ብለህ ተገላገል። «አይ ሃቭ አንግዛይቲ» ደግሞ ሌላ ነው። ያ የዛሬ ጠዋት ስሜት ሳይሆን የሰነበተ፣ አንዳንዴም ሐኪም ስም የሰጠው ነገር ይመስላል። ታክሲ አመለጠኝ ብሎ «አንግዛይቲ አለብኝ» የሚለውን የሰፈራችንን ወጣት ሁሉ እንግሊዝ ቢሰማው ሆስፒታል ሊወስደው ይነሳል።

አነጋገሩንም ልጨምርልህ። «አንክሸስ» ስትል «ክ»ና «ሸ» ናቸው ያሉት። «አንግዛይቲ» ላይ ሲደርስ ግን «ግ»ና «ዛ» ይሆናል። «አንክሳይቲ» የሚባል የለም።

ጥያቄ፦ ቲቸር እንደምን አሉ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለደም ግፊቴ ክትትል ክሊኒክ ስሄድ ሰባት ጥያቄ ያለበት ወረቀት እንድሞላ ሰጡኝ። የመጀመሪያው «ነርቨስ፣ አንክሸስ፣ ኦር ኦን ኤጅ» የሚል ነው። አብራኝ የነበረችው የ13 ዓመት ልጄ «ማሚ፣ ሦስቱም ጨንቆሻል ወይ ነው የሚሉት» አለችኝ። እኔ ጭንቅ ብዬ የማውቀው ምጥን ነው፣ ወይ ቤት ውስጥ ሰው ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ስለዚህ «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ቤት ስገባ ግን ቅር አለኝ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዬ እዘላለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃና እስኪነጋ ስገላበጥ አድራለሁ። ዋሸኋቸው እንዴ?

እህትዎ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ አልዋሸሽም። የተጠየቅሽውን ነው የመለስሽው፣ የተጠየቅሽው ግን በትክክል አልደረሰሽም።

ልጅሽም አልተሳሳተችም። መዝገበ ቃላት ብታገላብጪ «ጭንቀት» ነው የሚልሽ። ግን የእኛ «ጭንቅ» ከእነሱ «አንክሸስ» ይከብዳል። ሴት ስታምጥ «ጭንቅ አማላጇ» ብለን ማርያምን የምንጠራበት ቃል ነው። ያንን ሚዛን ይዛ አንዲት የአገራችን ሴት የክሊኒክ ወረቀት ላይ «አዎ ጨንቆኛል» ብላ ብትሞላ ነበር የሚገርመኝ።

ሦስቱን ቃላት እኔ እንዲህ እለያቸዋለሁ። «ነርቨስ» ማለት አንድ ነገር ከፊትሽ ሲጠብቅሽ መርበትበት ነው፣ ለምሳሌ መንጃ ፈቃድ ልትፈተኚ ተሰልፈሽ ልብሽ ድው ድው ሲል። እኛ «ነርቬን ነካው» ስንል ተናደድኩ ማለታችን ስለሆነ እሱን እርሺው፣ እዚህ ንዴት የለበትም። «አንክሸስ» ከዚያ ሰንበት ይላል። ምክንያቱ አንዳንዴ ይታወቃል፣ አንዳንዴ አይታወቅም። ሆዴን ባር ባር አለኝ የምንለው ነው። «ኦን ኤጅ» ቃል በቃል ጫፍ ላይ መሆን ነው፣ በእኛ ቤት ግን ኮሽ ባለ ቁጥር መደንበር ይባላል። የስልክሽ ነገር ይኸው ነው። እንግዲህ ከሦስቱ አንዷ እንኳ ካለችብሽ መልሱ «በፍጹም» አይደለም።

ወረቀቱን አውቀዋለሁ፣ እዚያ አገር በብዙ ክሊኒክ የሚሰጥ ነው። የሚጠይቅሽም ያለፉት 2 ሳምንታት ውስጥ ስንት ቀን እንደሆነብሽ ነው። በፍጹም፣ ጥቂት ቀናት፣ ከግማሽ በላዩን ቀን፣ ወይም በየቀኑ ለማለት ጥቂት የቀረው፣ እነዚህ ናቸው ምርጫዎቹ። ስለዚህ «ጨንቆኛል ወይ?» ብለሽ ራስሽን አትጠይቂ። «ከዛሬ ሁለት ሳምንት ወዲህ ስንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ? ስልኩስ ስንት ቀን አስበረገገኝ?» ብለሽ በጣትሽ ቁጠሪ። እንዲህ ስትቆጥሪው ምን እንደምትመልሺ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ደግሞ ወረቀቱ ማጣሪያ ነው። «በየቀኑ» ብለሽ ብትሞዪ እብድ ነሽ የሚልሽ የለም፣ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ያነጋግርሻል እንጂ። የደም ግፊት ላለበት ሰው እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው።

ሳትዘገዪ ደውዪላቸው። «አይ ሜድ ኤ ሚስቴክ ኦን ዘ ፎርም፣ ካን አይ ፊል ኢት አውት አጌይን?» በይ። ከዚያ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር» ብለሽ ጨምሪ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ብዙ ጊዜ በስልክ ነው የሚያገናኙሽ። «ኢትዮፒያን» ብቻ እንዳትያቸው፣ የማትሰሚውን ቋንቋ ተናጋሪ ሊያመጡልሽ ይችላሉ። ልጅሽ የዚያን ቀን ኮሪደር ላይ ትጠብቅሽ። ስለ እናቷ ሌሊት እየተረጎመች መስማት አይኖርባትም።