«ስለሚያሳፍረኝ አልጻፍኩትም» ያልከው ኩሽኔታ

ለአምዱ አዘጋጅ፣

በመካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ከተመረቅሁ ዘጠኝ ወር አልፎኛል። በእነዚህ ወራት ከስልሳ ለሚበልጡ ክፍት የሥራ ቦታዎች ያመለከትሁ ሲሆን ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ልምድ የሚገኘው ሥራ ሲገኝ በመሆኑ፣ አንድ አዲስ ተመራቂ በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ሊገባኝ አልቻለም።

ከቃለ መጠይቆቹ አንዱ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የጥገና ኃላፊው «ትናንት በደንብ ሲሠራ የነበረ ፓምፕ ዛሬ ጠዋት ሞተሩ እየዞረ ውሃ አልሰጥ ቢልህ መጀመሪያ ምን ታያለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የበርኑሊን እኩልታ (የፈሳሽን ግፊት፣ ፍጥነትና ከፍታ የሚያያይዘውን ቀመር) ማስረዳት ጀመርሁ። በትዕግሥት አዳምጠው አሰናበቱኝ።

ሲቪዬ የወሰድኳቸውን ኮርሶች፣ የምሠራባቸውን ሶፍትዌሮች (አውቶካድ፣ ሶሊድወርክስ፣ ማትላብ) እና የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ርዕስ ይዟል። ፕሮጀክቱ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የሠራነው በ3 ኪሎዋት ሞተር የሚንቀሳቀስ የፕላስቲክ መፍጫ ማሽን ነበር። በሙከራው ቀን አንዱ ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ ደግፎ የሚይዘው ክፍል) በ20 ደቂቃ ውስጥ እጅ የማያስጠጋ ሙቀት አመጣ። ግሪስ ብንጨምርለት ባሰበት። ስሌቱን የመመርመሩ ድርሻ የእኔ ነበርና፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ዘንጉ የሚያስተላልፈውን የቺንጋውን (የቀበቶውን) ጉተታ ሳናስገባ መቅረታችንን ያወቅሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ቺንጋው የሚዞርባቸውን ሁለቱንም ፑሌጃዎች በትልልቅ ለውጠን ማሽኑን እስክናስተካክል አምስት ሳምንት ፈጀብን። ስለሚያሳፍረኝ ይህን የትም አልጻፍኩትም።

አሁን አንድ አነስተኛ የጥገና ወርክሾፕ በቴክኒሻንነት ሊቀጥረኝ ፈቅዷል። ቤተሰቦቼ «ዲግሪህን ታዋርዳለህ፤ ይልቅ ሁለተኛ ዲግሪ ቀጥል» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

ሥራ ፈላጊው መሐንዲስ

*

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው ዓይኔ የሚያርፈው ሁልጊዜ እዚያው ኩሽኔታ ላይ ነው። ቀጣሪዎች «ልምድ» በሚለው ቃል የሚፈልጉት ነገር፣ በወረቀት ላይ ትክክል የሚመስል ሥራ በተግባር ሲበላሽ አይተህ ምክንያቱን ፈልገህ ማግኘት መቻልህን ነው። አንተ ይህን አድርገሃል፤ ከዚያም ከሲቪህ አውጥተህ ጥለኸዋል።

የሆነውን እንየው። የማሽኑ ዘንግ የሚሸከመው ፕላስቲኩን የመቁረጫውን ኃይል ብቻ አይደለም፤ የተወጠረው ቺንጋም ወደ ጎን ይጎትተዋል። የባለ ኳስ ኩሽኔታ የታሰበ ዕድሜ ደግሞ ከጭነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ ጭነቱ በእጥፍ ቢጨምር ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሁለቱን ፑሌጃዎች በተመሳሳይ መጠን ስታሳድጉ የዘንጉ ፍጥነት ሳይለወጥ ያንኑ ጉልበት በአነስተኛ ጉተታ ማስተላለፍ ቻላችሁ። ግሪስ መጨመራችሁ ያባሰውም፣ ከልክ በላይ የተሞላ ግሪስ ሲታመስ ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር ነው። አንድ የጥገና ኃላፊ ይህን ከአንደበትህ ቢሰማ ስለ ኮርሶችህ ዝርዝር የሚጠይቅህ አይመስለኝም።

ስለዚህ የኮርሶቹን ዝርዝር አውጣና በቦታው ይህን ታሪክ በአራት ወይም በአምስት መስመር ጻፈው፦ ማሽኑ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተበላሸ፣ መጀመሪያ የሞከራችሁት ለምን እንዳልሠራ፣ መንስኤው በምን እንደታወቀ፣ ምን እንደለወጣችሁና ከዚያ በኋላ ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ። የአንተን ድርሻ ከጓደኞችህ ድርሻ ለይተህ አስቀምጥ። የሠራኸውን ብቻ ከጻፍህ የትኛውም ተከታይ ጥያቄ አያስደነግጥህም።

ለስልሳ ቦታዎች አንድ ዓይነት ሲቪ ልከህ ከሆነም ይህ መለወጥ አለበት። ለጥገና ሥራ ስታመለክት የኩሽኔታው ታሪክ ይቅደም። ለዲዛይን ሥራ ግን ራስህ ያዘጋጀኸውን፣ ቶለራንሱ (የሚፈቀደው የልክ ልዩነት) በሚገባ የተጻፈበት አንድ የማምረቻ ንድፍ አያይዝ። በ25 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ «ኤች 7» ብለህ ስትጽፍ ሠራተኛው ከ25.000 እስከ 25.021 ሚሊሜትር ባለው መካከል እንዲያወጣው እያዘዝህ መሆኑን፣ ከዚህ የጠበበ ልክ መጠየቅም ወጪ እንደሚጨምር ማስረዳት ከቻልህ፣ ሶፍትዌሩን ማወቅህን ለብቻው መግለጽ አያስፈልግህም። የሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቁትን ማስታወቂያዎች በተመለከተ፣ የተዘረዘሩት ተግባራት አብዛኞቹ የምትችላቸው ከሆኑ አመልክት፤ በሕግ የሙያ ፈቃድ የሚጠየቅባቸውን ግን እለፋቸው።

አሁን ወደ ፓምፑ እንምጣ። ኃላፊው የፈለጉት ቅደም ተከተል ነበር። ትናንት ሲሠራ የነበረ ፓምፕ ንድፉ በአንድ ሌሊት አይለወጥም፤ ስለዚህ የተለወጠው ምንድን ነው ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። የመሳቢያው ቫልቭ ክፍት ነው? ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ አለ? ማጣሪያው ተደፍኗል? የመሳቢያው ቧንቧ አየር ያስገባል? ሌሊት በኤሌክትሪኩ ላይ ሥራ ተሠርቶ ከሦስቱ የሞተር መስመሮች ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው ከሆነ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ውሃውን በሚሽከረከር ጎማ የሚገፋው ዓይነት) ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ ድምፁ ጤነኛ እየመሰለ ግፊቱ እጅግ ይዳከማል። በርኑሊ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው። ለምሳሌ ፓምፑ ከጉድጓድ የሚስብ ከሆነና የውሃው ወለል ከወረደ፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ሊያነሳው አይችልም። ዕውቀትህ ትክክል ነበር፤ የቀደመው ግን ያለ ተራው ነው።

የወርክሾፑን ሥራ ተቀበል። ቤተሰቦችህ የሚሉህ ከፍቅር የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የፈታ፣ የለካና የገጠመ እጅ ዲግሪን አያዋርድም። ከመፈረምህ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ምን ዓይነት ማሽኖች እንደሚመጡና የብልሽቱን መንስኤ በመለየት ሥራ ውስጥ መሳተፍ ትችል እንደሆነ። የታዘዝኸውን ብቻ ፈትተህ የምትገጥም ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ የምትማረው እያነሰ ይሄዳል። መሳተፍ ከቻልህ ግን የእያንዳንዱን ማሽን ምልክት፣ የተገኘውን መንስኤና የተደረገውን ጥገና በደብተር እየያዝህ፣ ለመሐንዲስነት ማመልከትህንም ሳታቋርጥ አንድ ዓመት ተኩል ሥራበት። ከአንተ በፊት እዚያ የቆዩትን ቴክኒሻኖች ከልብ አክብረህ ጠይቃቸው፤ የማሽንን ድምፅ መለየት ያወቁት በዓመታት ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን የምቃወመው አሁን ሥራ ስላጣህ ብቻ የምትገባበት ከሆነ ነው፤ ሥራው ራሱ መልስ ያጣህለትን ጥያቄ ሲያመጣብህ ብትማር ግን እደግፍሃለሁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልለምንህ። ፓምፑን ለጠየቁህ ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ጻፍላቸው። የዚያን ቀን መልስህ ከተራው ውጭ እንደነበር ገልጸህ፣ ቅደም ተከተሉን በራስህ አነጋገር አስቀምጥ፣ የኩሽኔታውን ታሪክም ጨምርበት። መልስ ላይሰጡህ ይችላሉ። ቀጣዩ ተለማማጅ መሐንዲስ ሲያስፈልጋቸው ግን ስምህ ጠረጴዛቸው ላይ ይኖራል።