ጓሮዬ ላይ ሦስት ቤት ልሥራልህ ብሎኛል፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ሲያትል፣ ሬይኒየር ቢች ነው የምኖረው። ቤቱን በ2012 ስንገዛው ሰፊ ጓሮ ነበረው። አሁን በአንድ ቦታ ላይ አራት ቤት መሥራት ተፈቅዷል ይባላል። አንድ ዲቨሎፐር (ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ነጋዴ) «ካንተ መሬቱ ብቻ፣ ከኔ ወጪው፤ ሦስት ቤት ሠርቼ አንዱ ያንተ ይሆናል» አለኝ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። ሕጉ ይፈቅድልኛል?

መልስ፦ በአብዛኛው ይፈቅዳል። ዋሽንግተን ስቴት በ2023 ባወጣው ሕግ እንደ ሲያትል ያሉ ትልልቅ ከተሞች በመኖሪያ ሰፈር በአንድ ቦታ ላይ ቢያንስ አራት ቤት መፍቀድ አለባቸው። ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከሆነ ስድስት ይደርሳል። ሲያትልም በ2025 ደንቡን በዚሁ መሠረት ቀይሯል። ቦታው ገደላማ ከሆነ ግን ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል፤ ሬይኒየር ቢች ደግሞ ዳገት አያጣም። ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ያረጋግጡ።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፉልኝ ነው።

«ስንገዛው» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ባለቤትዎ የሉም። ነገሩን ያውቃሉ? እዚህ ስቴት በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤት በአንዱ ስም ቢሆንም የሁለቱ ነው ተብሎ ይገመታል። አንዱ ብቻውን ሊሸጠውም ሊያስይዘውም አይችልም። አገር ቤት ቢሆኑም፣ ተኳርፋችሁም ቢሆን፣ ፊርማቸው ያስፈልጋል። ስለ ሞርጌጁም (ስለ ቤቱ የባንክ ብድር) ምንም አላሉም። ዕዳ ካለ ባንኩ የያዘው ጓሮውንም ጭምር ነው። ሳያስፈቅዱት ቆርሰው ቢያስተላልፉ ቀሪውን ዕዳ ባንዴ ክፈሉ ሊል ይችላል።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚወድቅበት ጉድጓድ ልምጣ። «ከኔ ወጪው» ያለው ሰውዬ ገንዘቡን ከየት ነው የሚያመጣው? ከኪሱ የሚያወጣ ጥቂት ነው። ይበደራል። አበዳሪው ደግሞ ያለ መያዣ አይሰጥም። መያዣው የእርስዎ መሬት ነው! ጓሮው በሕግ ተቆርሶ ራሱን የቻለ ቦታ እስካልሆነ ድረስ መሬቱ ማለት እርስዎ የሚያድሩበት ቤት ያለበት መሬት ነው። ግንባታው መሃል ላይ ቢቆም፣ ወለዱ ቢከማች፣ አበዳሪው የሚመጣው ወደ መያዣው ነው። አንድ ዶላር ሳይበደሩ ቤትዎ ለሐራጅ ይቀርባል።

ይህም ብቻ አይደለም። ቧንቧ የዘረጋው ሠራተኛ፣ እንጨት ያቀረበው ሱቅ ካልተከፈላቸው ሥራቸው ካበቃ በ90 ቀን ውስጥ በቦታዎ ላይ ሊን፣ ማለትም ባልተከፈለ ሒሳብ ቦታውን የሚይዝ የዕዳ ማስታወሻ፣ ማስመዝገብ ይችላሉ። ውል የተዋዋሉት ከዲቨሎፐሩ ጋር ነው፤ ዕዳው የሚጻፈው ግን በእርስዎ ቦታ ላይ ነው።

«ሁለት ገጽ ብቻ» ማለትዎ ቀላል መስሎዎት እንደሆነ ገብቶኛል። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ቤቱ መቼ ያልቃል? ባያልቅስ? ከሦስቱ የትኛው ነው የእርስዎ? ሰውዬው ቢከስር ማን ይጨርሰዋል? ይህ ሁሉ ሁለት ገጽ ላይ አይገባም። ያገናኛችሁም የአገር ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ አለዚያ ያለ ጠበቃ እዚህ ድረስ አይሄዱም ነበር። በይሉኝታ የተፈረመ ውልም ውል ነው፣ ጌታዬ።

ማድረግ አይቻልም እያልኩ አይደለም። ቦታው አስቀድሞ በሕግ ለሁለት ይቆረስ፤ መያዣ የሚሆነው የኋላው ክፍል ብቻ ይሁን፤ ገንዘቡም በኤስክሮው፣ ማለትም ገንዘቡን በአደራ በሚይዝ ገለልተኛ ወገን፣ በኩል ይለፍ። ዝርዝሩን ግን ወረቀቱን ያየ ጠበቃ ነው የሚነግርዎ። እኔ ሳላየው ነው የምመልሰው። ወደ ጠበቃ ሲሄዱ ዲዱን (የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ)፣ የቅርቡን የሞርጌጅ ስቴትመንትና ሁለቱን ገጾች ይያዙ። በቦታው ላይ የተመዘገበውን ከሚያጣራ ታይትል ኩባንያም ሪፖርት ያውጡ። አንዳንድ ሰፈር ከአንድ ቤት በላይ መሥራትን የሚከለክል የቆየ ስምምነት በቦታው ላይ ተመዝግቦ ይገኛል፤ አዲሱ ሕግ የድሮውን አላፈረሰውም። ግብሩንም አካውንታንት ይጠይቁ። ዓርብ ካለፈ እሄዳለሁ ካለ፣ ይሂድ። ሕጉ ከዓርብ በኋላም አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ «ልፈርም?» ቢሉም፣ ፈርመው ይሆን እንዴ? ፊርማ በሚያረጋግጥ ኖታሪ ፊት ከሆነ የፈረሙት፣ ወረቀቱ ኪንግ ካውንቲ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቤቱን መሸጥም ሪፋይናንስ ማድረግም (ብድሩን በአዲስ ብድር መተካትም) ይቸግርዎታል። የካውንቲው መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ስላለ ዛሬውኑ በስምዎና በፓርስል ቁጥርዎ (ካውንቲው ለቦታዎ በሰጠው መለያ ቁጥር) ይፈልጉ። ካገኙት አትመው ጠበቃ ጋ ይሂዱ፤ እስከዚያው ከሰውዬው ጋር በስልክ ምንም አይስማሙ።